የመኪና ሪሞት ባትሪ መቀየር፣ ቅርፊቱን ሳይሰብሩ

የመኪና ሪሞት ባትሪ መቀየር ቀላል ነው፣ ከባዱ ባትሪው ጋ እስክትደርሱ ያለው ነው። እኔ እስካሁን ያየኋቸው የተጎዱ ሪሞቶች ባትሪ ሲገባ አይደለም የተጎዱት፣ ሲከፈቱ ነው፣ ጎናቸው በካቻቪቴ የተቦጫጨረ፣ መያዣ ጥርሳቸው የተሰበረ፣ የበተኑ ጎማ የተቀደደ፣ አንዳንዱማ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ምክንያቱ ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ ችኮላ። ሰው ሪሞቱ እምቢ ሲለው መኪናው ጭራሽ የማይነሳ ይመስለዋል፣ ይደነግጥና እዛው ቆሞ በእጁ ባገኘው ነገር መፈልቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ስለ ካቻቪቴው ከማውራቴ በፊት ስለ ድንጋጤው ላውራ።

እጃችሁ ላይ ያለው ነገር አንድ ይመስላል እንጂ ቅርፊቱ ውስጥ ሁለት ስራ የሚሰሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሪሞቱ ነው፣ በተኑን ስትጫኑ በራዲዮ ሞገድ ለመኪናው ኮድ የሚልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ315 ወይ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚያወራው፣ መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሰራ ይለያያል። ባትሪ የሚበላው እሱ ነው። ሁለተኛው ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም የማያውቀው ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክለው የመኪናው ክፍል፣ የሚያነበው ቺፕ ነው፣ ትራንስፖንደር ይሉታል፣ እሱ ግን ባትሪ ሚባል ነገር አያስፈልገውም። መኪናው ማስነሻው አካባቢ የተጠመጠመ ሽቦ አለው፣ ቁልፉ ሲጠጋ በዛ ሽቦ ውስጥ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚንቀጠቀጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፣ ቺፑ ከዛው መስክ ላይ ለቅጽበት የምትበቃውን ኃይል ወስዶ መለያውን ይመልሳል፣ መኪናው ካወቀው ሞተሩን ይፈቅዳል። አለቀ። ማለትም ባትሪው ድርቅ ብሎ ሞቶም ሞተሩ ይነሳል።

ቁልፉ የሚጠመዘዝ አይነት ከሆነ እንደውም ምንም አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም፣ በሩን በብረቱ ክፈቱ፣ ገብታችሁ ጠምዝዙ። ፑሽ ስታርት ከሆነ ነው ሰው ግራ የሚገባው፣ እሱም መላ አለው። ብዙ መኪኖች ላይ ሪሞቱን ራሱን ከስታርት በተኑ ጋ ማስነካት ነው፣ ቶዮታ ላይ ለምሳሌ ፍሬን ረግጣችሁ አርማው ያለበትን የሪሞቱን ፊት በተኑ ላይ ታስነካላችሁ፣ ከዛ ትጫናላችሁ። ሌሎቹ ላይ ደሞ ለዚሁ ብቻ የተሰራ ኪስ ወይም ቀዳዳ አለ፣ መሃል ኮንሶሉ ውስጥ ወይ መሪው አካባቢ፣ የናንተው የት እንደሆነ ማንዋሉ ላይ አለ፣ ዛሬውኑ እቤት ሆናችሁ ብታዩት ይሻላል፣ ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ ከመፈለግ። በሩን ለመክፈት ደሞ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የብረት ቁልፍ ተደብቋል፣ ትንሽዬ መግፊያ አለች፣ እሷን እየገፋችሁ ስትስቡት ይወጣል። በሩ ላይ ቀዳዳ ካላያችሁ እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ተመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ እሷ ስር ነው ያለው። በብረቱ ስትከፍቱት አላርሙ ሊጮህ ይችላል፣ ይጩህ፣ ሌባ አይደላችሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዝም ይላል።

እንግዲህ ይሄን ካወቃችሁ የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ነድታችሁ ሄዳችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ በብርሃን መስራት ትችላላችሁ።

ግን በመጀመሪያ በእርግጥ ባትሪው ነው ወይ? ምልክቶቹ ይታወቃሉ፣ ድሮ ከሩቅ ይከፍት የነበረው ቀስ በቀስ በሩ ስር ካልደረሳችሁ አልከፍትም ይላል፣ ደጋግማችሁ መጫን ትጀምራላችሁ፣ የሪሞቱ ትንሿ መብራት ትደክማለች፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ደሞ ዳሽቦርዱ ላይ ራሳቸው ይናገራሉ። በድንገት ከሆነ የጠፋው፣ ማለትም ትላንት ከሩቅ ይሰራ የነበረ ዛሬ ዝም ካለ፣ እኔ ባትሪውን ወዲያው አልጠረጥርም፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን ቁልፍ እሞክራለሁ። እሱም ካልሰራ ችግሩ መኪናው ጋ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ትልቁ የመኪናው ባትሪ ራሱ ሞቶ ይሆናል፣ ያኔ የሪሞት ባትሪ ብትቀያይሩ ምንም አይፈይድላችሁም። በነገራችን ላይ የቲቪ ሪሞት በስልክ ካሜራ እያዩ መፈተን የለመዱ ሰዎች የመኪናውንም እንደዛ ሊያዩት ይሞክራሉ፣ አይታይም፣ የቲቪው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው ካሜራ የሚያየው፣ ይሄኛው ራዲዮ ነው። ሌላው አገጫችሁ ስር አድርጋችሁ ተጫኑት የሚባለው ግን ቀልድ አይደለም፣ የጭንቅላታችን ውሃ ሞገዱን ትንሽ ራቅ አድርጎ እንዲሄድ ያግዘዋል፣ ሰው እያየ ከሆነ ትንሽ ያሳፍራል እንጂ ይሰራል፣ ባትሪው እየደከመ እያለ ለአንድ ሁለት ቀን ማዘግያ ነው።

ቴስተር ያላችሁ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ቴስተሩ ያታልላል። አዲስ የሊቲየም ባትሪ ስሙ 3 ቮልት ነው፣ ስትለኩት ግን ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያረጀውም አንዳንዴ 2.9 ምናምን ያሳይና "ይሄማ ደህና ነው" ትላላችሁ። ችግሩ ቴስተሩ ከባትሪው ምንም የሚባል ከረንት አይስብም፣ ሪሞቱ ኮድ በሚልክባት ቅጽበት ግን ይስባል፣ ያረጀ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር በዛች ቅጽበት ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ሪሞቱም ሳይልክ ይቀራል። ብርድ ሲሆን የሚብሰውም በዚሁ ነው፣ ጠዋት እምቢ ብሎ ቀን ላይ የሚሰራ ሪሞት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አሁን የባትሪው ቁጥር። ብዙ ሰው የሰዓት ባትሪ ይለዋል፣ ክብ ብርማ፣ በላዩ ሲአር 2032 ወይ 2025 ወይ 1632 ምናምን ተጽፎበታል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተሰጠ ኮድ አይደለም፣ ልኩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስፋቱን በሚሊሜትር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውፍረቱን በሚሊሜትር አስረኛ ነው የሚናገሩት። 2032 ማለት 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። 2025 ያው 20 ስፋት ሆኖ 2.5 ውፍረት፣ 1632 ደሞ 16 በ3.2። ሲዋ የውስጡን ኬሚካል ትናገራለች፣ ሊቲየም ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጋ፣ አር ክብ ማለት ነው። ይሄን ማወቅ ጥቅሙ ሻጭ "ያው ነው" ሲላችሁ ያው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። 2025 በ2032 ቦታ ይገባል፣ ስፋቱ እኩል ነው፣ ቮልቴጁም እኩል ነው፣ ግን ይላላል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይቋረጣል፣ አንዳንዱ ፎይል አጥፎ ከስሩ ይከትበታል፣ እኔ አልመክርም፣ ፎይሉ ተንሸራቶ ቦርዱ ላይ የማይገባ ቦታ ቢነካ የማን ጥፋት ነው?

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ የ2016 ነው። አንዳንድ የቆዩ ሪሞቶች ሁለት 2016 ተደራርበው ነው የሚሰሩት፣ ሁለት ባለ 1.6 ሚሊሜትር ሲደራረቡ 3.2 ይሆናሉ፣ ልክ እንደ አንድ 2032። ቦታው ላይ ልክክ ይላል፣ ግን ሁለቱ ሲደራረቡ 6 ቮልት ነው አንዱ 2032 ደሞ 3። ስለዚህ ሁለት አውጥታችሁ አንድ ወፍራም ብታስገቡ አይሰራም፣ በተቃራኒው 3 ቮልት የለመደ ሪሞት ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ብትከቱ ቦርዱን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ያወጣችሁትን ቆጥራችሁ፣ ቁጥሩን አንብባችሁ፣ ያንኑ መልሱ። ቻርጅ የሚደረገው ኤልአይአር 2032 የሚባለውም እንደዛው፣ መልኩ አንድ ነው፣ ሙሉ ሲሆን ግን 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ አታስገቡት። አንዳንድ የቆዩ የቢኤምደብሊው ቁልፎች ደሞ በተቃራኒው ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲሆን ራሱ ቻርጅ የሚሆን ባትሪ ነው፣ እዛ ላይ ተራ ሲአር መክተት አይሆንም፣ እሱ ብየዳ ለሚችል ሰው ይሰጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ህጻናት እንዳይውጡት ተብሎ የሚመር ነገር የተቀባ ባትሪ አለ፣ አሪፍ ሀሳብ ነው፣ ግን ቅቡ አንዳንድ መሳሪያ ላይ የባትሪውን ንክኪ ይከለክላል፣ አፕል ኤርታግ ለሚባለው የዕቃ መፈለጊያው እንደዚህ አይነቱ ላይሰራ ይችላል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ሪሞታችሁ አዲስ ባትሪ ገብቶለትም ዝም ካለ ቦርዱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት የባትሪውን ፊት በአልኮል ጠረግ አድርጉት፣ ወይ ያልተቀባ ሞክሩ።

ወደ መክፈቱ እንሂድ፣ ዋናው እዚህ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፉ፣ ትንንሽ ነገር ሲወድቅ እንዳይነጥር። ሪሞቱ ከብርድ የመጣ ከሆነ ትንሽ እጃችሁ ውስጥ አሙቁት፣ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ጥርሱ ቶሎ ይሰበራል። ከዛ ከመንካታችሁ በፊት ዝም ብላችሁ እዩት፣ አዙራችሁ እዩት፣ መግቢያው የት እንደሆነ ሰሪው ምልክት ትቶላችኋል። ባለ ፑሽ ስታርቶቹ ላይ የብረቱን ቁልፍ ስታወጡት ብረቱ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ጠባብ ክፍተት ታያላችሁ፣ ብዙዎቹ በዛ ነው የሚከፈቱት፣ እሷን ሳያዩ ከውጭ በጎኑ በኩል የሚፈለቅቁት ናቸው ቡጭርጭር አድርገው የሚቀሩት። ብረቱ ታጥፎ የሚገባው አይነት ላይ ደሞ አንዳንዶቹ መጀመሪያ የብረቱ ክፍልና የሪሞቱ ክፍል ይለያያሉ፣ ከዛ ሪሞቱ ብቻውን ለሁለት ይከፈላል፣ ስለዚህ ሁሉን ባንዴ ለመክፈት አትታገሉ። ትንሽ ቪቴ ያለውም አለ፣ አንዳንዴ አርማው ስር ይደብቁታል። ምንም ብታደርጉ እምቢ ካለ ቪቴ አለ ማለት ነው፣ ኃይል ከመጨመር መብራት አምጡና እንደገና ፈልጉ።

መሳሪያው ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀጭኗ ትበቃለች፣ ጫፏን በጨርቅ ወይ በፕላስተር ሸፍኗት፣ የቶዮታ ማንዋልም እንደዛ ነው የሚለው። ዋናው ምስጢር ምን መሰላችሁ፣ አትፈልቅቁ፣ አዙሩ። ጫፏን ክፍተቱ ውስጥ ከታችሁ ካቻቪቴዋን ቀስ ብላችሁ ባለችበት ጠምዝዟት፣ ስትጠመዘዝ ሁለቱን ግማሾች እኩል ትገፋቸዋለች፣ ቀጭ የሚል ድምጽ ትሰማላችሁ፣ አንድ ጥርስ ለቀቀ ማለት ነው። ቀጭ ሲል ሰው ደስ ይለውና በዛው በኩል ጎትቶ ሊገነጥለው ይፈልጋል፣ አይሆንም፣ ሌሎቹ ጥርሶች ገና አልለቀቁም፣ አሁን አገልግሎቱ ያበቃ የፕላስቲክ ካርድ ካላችሁ በተከፈተው በኩል አስገብታችሁ ዙሪያውን በስፌቱ እየሄዳችሁ አንድ በአንድ አስለቅቋቸው። ሲከፈት የበተኖቹ ፊት ወደ ታች ይሁን፣ አለበለዚያ ጎማውም በተኖቹም ይበተናሉ፣ ከዛ የትኛው የት እንደነበር ፍለጋ ነው።

ልክ እንደተከፈተ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ይሄ አስር ምክር ያድናል፣ ባትሪው በየት ፊቱ እንደነበር፣ ጎማው እንዴት እንደተቀመጠ፣ ሁሉም እዛ አለ።

እና አሁን ቅድም ያልኩት ሁለተኛው ነገር ይመጣል። አንዳንድ ሪሞቶች ላይ፣ በተለይ የቆዩትና ብረቱ የሚታጠፈው ላይ፣ ቺፑ ቦርዱ ላይ የተበየደ አይደለም፣ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ትንሽዬ ጥቁር ቁራጭ ወይም ቀጭን የመስታወት ዘንግ፣ ቅርፊቱ ጥግ ላይ ተሰክቶ። ሰው ሲከፍት ትወድቃለች፣ ቆሻሻ መስላው ይጠርጋታል። ከዛ አዲስ ባትሪ ገብቶ ሪሞቱ በሩን በደንብ ይከፍታል ይዘጋል፣ መኪናው ግን ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ሰውየውም ባትሪው ነው የሞተው እያለ ሌላ ባትሪ ይቀይራል። ባትሪ የማይበላው ክፍል ነው የጠፋው እኮ! ባዶ ቅርፊት ገዝታችሁ ቦርዱን ስታዛውሩም ይሄ ነው የሚረሳው፣ አሮጌውን ቅርፊት ከመጣላችሁ በፊት ጥግ ጥጉን በመብራት እዩ።

ባትሪውን ለማውጣት ብረት አያስፈልግም፣ ስቴኪኒ ወይ ፕላስቲክ ነገር ይበቃል፣ በብረት ስትነቀንቁት ሁለቱን ፊት ባንዴ ነክታችሁ ሾርት ታደርጉታላችሁ ወይም ይዞት ያለውን ላሜራ ታጣምማላችሁ። ላሜራዋ ወደ ላይ ከተነሳች በኋላ አዲሱን ባትሪ አትነካውም፣ ያኔ "አዲስ ገዝቼ እንኳን አይሰራም" ይባላል። ላልታ ካያችኋት በጣም በቀስታ ወደ ባትሪው መለስ አድርጓት። ነጭ ወይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲሱን ባትሪ በጠርዙ ያዙት፣ የጣት ቅባት ለንክኪ ጥሩ አይደለም። ፕላስ ምልክቱ ሰፊው ፊት ላይ ነው ያለው፣ ቁጥሩ ከተጻፈበት ጋ፣ አንዳንዱ ሪሞት ውስጥ ወደ ላይ ይሆናል አንዳንዱ ውስጥ ወደ ታች፣ ከጓደኛችሁ መኪና ጋ አታወዳድሩ፣ ፎቶዋችሁን እዩ።

ስትዘጉት ደሞ ዙሪያውን ያለችው ቀጭን ጎማ ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ፣ ዝናብና ላብ የምትከለክለው እሷ ናት፣ ተቆንጥጣ ከተዘጋች ወይ ቅርፊቱ አይገጥምም ወይ ቆይቶ ውሃ ያስገባል። በጣታችሁ ዙሪያውን እየተጫናችሁ ቀጭ ቀጭ እስኪል፣ በቃ። ክፍተት ከቀረ አትጨፍልቁት፣ የሆነ ነገር ከውስጥ ቦታውን ለቋል።

"ባትሪ ስቀይር ኮዱ ይጠፋል ወይ፣ ፕሮግራም ይደረጋል ወይ" የሚለው ጥያቄ ሁሌ አለ። አብዛኞቹ ላይ አይጠፋም። ሪሞቱ በጫናችሁት ቁጥር የተለየ ኮድ ነው የሚልከው፣ ውስጡ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ቆጣሪ አለ፣ መኪናውም ያንን ቆጣሪ ይከታተላል፣ ቅድም የተላከ ኮድ ቀድቶ መልሶ የላከ ሌባ የማይሳካለትም ለዚህ ነው። ቆጣሪው የሚቀመጥበት ሜሞሪ ኃይል ቢቋረጥም አይረሳም፣ ስለዚህ ባትሪ አውጥታችሁ ተረጋጉ። የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው፣ ልጅ ይዞት ከመኪናው ርቆ ሲጫን ሲጫን ከዋለ የሪሞቱ ቆጣሪ በጣም ይቀድማል፣ መኪናው የሚታገሰው መጠን አለው፣ ከዛ ካለፈ አያውቀውም። ያኔ መኪናው አጠገብ ሆኖ ደጋግሞ መጫን ወይ አንዴ በቁልፉ ሞተሩን ማስነሳት ብዙዎቹን ያስታርቃቸዋል። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ እንደገና ማስተዋወቅ የሚፈልጉ የቆዩ ሞዴሎች አሉ፣ አሰራሩ ማንዋላቸው ላይ ተጽፏል።

ባትሪ ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ ሪሞት ካላችሁ ደሞ የምታስቀምጡበትን ቦታ እዩ። ስማርት የሚባለው ሪሞት እኮ አይተኛም፣ መኪናው የሚልከውን የመቀስቀሻ ሞገድ ሁሌ እያዳመጠ ነው፣ መኪናው አጠገብ ካስቀመጣችሁት እየተጠራ እየመለሰ ያድራል፣ ቲቪና ኮምፒውተር ወይ ቻርጀር አጠገብም የሚረብሸው ሞገድ አለ። ራቅ አድርጉት። ቶዮታ ላይ ማስተኛም ይቻላል፣ የመቆለፊያውን በተን ተጭናችሁ ይዛችሁ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ትጫናላችሁ፣ መብራቱ 4 ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ተኛ ማለት ነው፣ አንዱን በተን ስትነኩት ይነቃል። ለረጅም ጊዜ ለማይነዳ መኪና አሪፍ ነው፣ የሪሞቱን ሞገድ ከሩቅ እያራዘሙ መኪና ለሚሰርቁትም በር ይዘጋል። አንዳንድ አዳዲስ ሪሞቶች ደሞ ካልተንቀሳቀሱ ራሳቸው ይተኛሉ።

የወጣውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት አትነሱ፣ ይሄን በቀልድ አልለውም። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባትሪ ህጻን ሲውጠው ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል፣ እርጥበቱ ሁለቱን ፊት ያገናኝና ከረንቱ ስጋውን የሚያቃጥል አልካላይ ይፈጥራል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለሪሞቱ የሞተ ባትሪ ለዚህ አልሞተም፣ ለዚህ የሚበቃ ቀሪ አለው። ከተዋጠ ወይ ተውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ እስኪ እንይ ብላችሁም አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ነው። አሮጌውን በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ባትሪ የሚሰበሰብበት ቦታ ካለ እዛ ስጡት፣ ከሌሎች ባትሪዎች ጋ መሳቢያ ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ አታከማቹት፣ እርስ በርስ ሲነካኩ ይሞቃሉ።

እና ካቻቪቴዋን ሳትመልሱ ሁለተኛውንም ቁልፍ ክፈቱት፣ ከአንዱ ጋ አብሮ ነው የመጣው፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ሲያዳምጥ ነበር። ቀኑን በቀጭን ማርከር የቅርፊቱ ውስጥ ላይ ጻፉበት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ።